«ትከሻዬን አመመኝ»፦ ወጣት ዋናተኞችና የልምምድ ብዛት

እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ አንዲት የ17 ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት መጥታ አራት ወርቅና አንድ ነሐስ ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። ስሟ ሚሲ ፍራንክሊን ይባላል። በዓመቱ ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ስድስት ወርቅ ወሰደች፤ በአንድ የዓለም ሻምፒዮና ይህን ያህል ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ዋናተኛም ሆነች። ያን ጊዜ ያያት ሁሉ ይህች ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ለብዙ ዓመታት የሚደርስባት የለም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን በ2016 ሪዮ ላይ በግሏ በተወዳደረችባቸው ርቀቶች ለፍጻሜ እንኳ ሳትደርስ ቀረች። በ2017 መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ትከሻዎቿን በቀዶ ጥገና ታከመች። በ2018 መጨረሻ፣ ሥር የሰደደው የትከሻ ጅማት ሕመም አልለቅ ቢላት፣ ዳግመኛ በቀዶ ጥገና ከመታከም ይልቅ ዋናን ለመተው መወሰኗን በጻፈችው ደብዳቤ አስታወቀች። ዕድሜዋ 23 ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ሰው ታሪክ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። የእርሷን ስም ያነሣነው ትከሻ ከአንድ ዋናተኛ ምን ያህል ሊወስድ እንደሚችል ለማሳየት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነጋግራችሁ የፈለግነው ስሟ በጋዜጣ ስለማይወጣው፣ በሳምንት አምስትና ስድስት ቀን ገንዳ ውስጥ ስለምትውለው የ13 ዓመት ልጅ ነው። ይህች ልጅ «ትከሻዬን አመመኝ» ስትል ቤተሰቧም ሆነ አሠልጣኟ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን የሚፈልጉት ከእርሷው ነው። ደካማ ናት ይባላል፤ አቀዛዘፏ ልክ አይደለም ይባላል፤ ከልምምድ ለመሸሽ ነው የሚልም አይጠፋም። እኛ ግን ከሁሉ አስቀድሞ «በሳምንት ስንት ሜትር ዋኘች?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል እንላለን። ይህንን ያልንበትን ምክንያት እናስረዳለን።

«ይህ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ልጅን ዋና ማስተማር በሙስሊሙ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ሲመከር የኖረ ነገር ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ በትምህርት ቤታቸው ወይም በሰፈራቸው የመዋኛ ገንዳ የማግኘት ዕድል ስላላቸው፣ ዛሬ ውኃ እንዳይፈራ ተብሎ ገንዳ የተወሰደው ልጅ ነገ የክለብ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል። በ2021 ቶኪዮ ላይ የ18 ዓመቱ ቱኒዚያዊ አሕመድ ሐፍናዊ በመጨረሻው ዳር መስመር ዋኝቶ በ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ወርቅ ሲወስድ ያየ ልጅ «እኔስ ለምን አልሆንም?» ቢል አይገርምም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዋና መማርና ለውድድር መሠልጠን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለጤናውና ለደስታው የሚዋኘውን ልጅ የሚከተለው ሐተታ አይመለከተውም፤ ወላጆቹም አይሥጉ።

የትከሻ ተፈጥሮ

ዳሌያችንን ብንመለከት የጭን አጥንት ክብ ራስ ጥልቅ በሆነ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ትከሻ እንዲህ አይደለም። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፈው ከራሱ በጣም በሚያንስ፣ ጥልቀት በሌለው ሳህን መሰል ቦታ ላይ ነው። ክንዳችንን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላና ዙሪያውን እንደልብ የምናንቀሳቅሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ጎድጓዳው ጥልቅ ስላልሆነ ክቡን አጥንት መሐል ላይ አጽንቶ የመያዙ ሥራ በአብዛኛው የወደቀው በአራት ትናንሽ ጡንቻዎችና በጅማቶቻቸው ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሱፕራስፓይናተስ የሚባለው ሲሆን፣ ጅማቱ የሚያልፈው በትከሻ ጫፍ አጥንት ሥር ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ዋናተኞች ትከሻችንን አመመን ሲሉ ብዙውን ጊዜ የተጎዳው ይኸው ጅማት ነው።

ሯጭ መሬትን በእግሩ እየገፋ ይሄዳል። እግር ደግሞ ይህንን ሸክም እንዲችል ሆኖ የተሠራ ነው። በነፃ ቀዘፋ፣ በጀርባ ቀዘፋና በቢራቢሮ ቀዘፋ ግን አካልን ወደፊት የሚወስደው ኃይል አብዛኛው የሚመነጨው ከክንድ ነው። ትልልቆቹ የደረትና የጀርባ ጡንቻዎች ውኃውን ይስባሉ፤ ትናንሾቹ ደግሞ ያለ ዕረፍት የአጥንቱን ራስ በቦታው ይይዛሉ። ከጎድን ጋር የተያያዘውና የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት የሚያጸናው ጡንቻ በቀዘፋው ዑደት ሁሉ ከሥራ የማይለይ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። እርሱ ሲደክም የትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት በተገቢው መንገድ መዞሩን ይተዋል፤ መተላለፊያው ይጠባል፤ ጅማቱም ይፈተጋል። ልጁ ልምምዱን ሲጀምር ምንም ሳያመው በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ላይ የሚያመው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ስም ያገኘው በ1974 ነው። ኬኔዲና ሆውኪንስ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች «የዋናተኛ ትከሻ» ብለው ጻፉበት። ያን ጊዜ እንደ ዋነኛ ምክንያት የተወሰደው ክንድ በተነሣ ቁጥር ጅማቱ በአጥንት ሥር መቆንጠጡ ነበር። ይህ አስተያየት ዛሬም ፈጽሞ አልተጣለም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች ሌላም ነገር አሳይተዋል፤ ይኸውም ጅማቱ ራሱን ለመጠገን ጊዜ ሳያገኝ ደጋግሞ ሲሠራ ውስጡ እየተለወጠ፣ እየወፈረና ጥንካሬውን እያጣ የሚሄድ መሆኑ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው

አንድ ልጅ 25 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ አንዱን ጉዞ በ16 ቀዘፋ ይጨርሳል እንበል፤ ለእያንዳንዱ ክንድ 8 ማለት ነው። በአንድ ቀን 6,000 ሜትር ቢዋኝ 240 ጊዜ ከዳር ዳር ይመላለሳል። ይህም ለአንድ ትከሻ 1,920 ቀዘፋ ይሆናል። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 11,520 ይደርሳል። ስድስት ሳምንት ዕረፍት ሰጥተነው በዓመት 46 ሳምንት ብቻ ዋኘ ብንል ደግሞ አንዱ ትከሻ ከ529,000 ጊዜ በላይ ዞሯል፤ ይህም ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ነው። ይህንን በወረቀት ላይ ሠርታችሁ ለልጃችሁ አሠልጣኝ ብታሳዩት አይከፋም። እኛ እንደምንገምተው ሜትሩን በቃሉ የሚያውቅ አሠልጣኝ ብዙ ነው፤ ሜትሩን ወደ ትከሻ ዙር የመነዘረው ግን ጥቂት ነው።

ይህ ቁጥር በእውነት ጉዳት ያመጣልን? በአውስትራሊያ ሲድኒ የተሠራና በ2010 በእንግሊዙ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 25 የሆነ 80 ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ዋናተኞችን መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ 91 የሚሆኑት ትከሻቸውን እንደሚያማቸው ተናገሩ። ሕመም ያለበትን ሳይሆን የሌለበትን ዋናተኛ ማግኘቱ ነው ያስቸገረው ማለት ይቻላል። ከዚያም 52ቱ ኤምአርአይ በሚባለው መሣሪያ ትከሻቸው ሲታይ ከመቶ 69 በሚሆኑት ላይ የሱፕራስፓይናተስ ጅማት ጉዳት ተገኘ።

ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ተመራማሪዎቹ ጉዳቱ ከምን ጋር እንደሚሄድ ሲያነጻጽሩ፣ ቀድሞ ብዙ ይወራበት የነበረው የመገጣጠሚያ መላላት ያን ያህል የሚያስረዳ ሆኖ አላገኙትም። ያስረዳው የልምምዱ መጠን ነበር። በሳምንት ከ15 ሰዓት በላይ የሚለማመዱት ከዚያ በታች ከሚለማመዱት ይልቅ ጅማታቸው የመጎዳት ዕድሉ እጥፍ ሆነ። በሳምንት ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዋኙት ደግሞ አራት እጥፍ። አሁን ወደ ላይኛው ሒሳባችን እንመለስ፤ በቀን 6 ኪሎ ሜትር የሚዋኘው ልጅ በሳምንት የሚዋኘው 36 ኪሎ ሜትር ነው። ምንም ያልተለመደ ነገር ሳይሠራ፣ ማንም በርታ ብሎ ሳይጮህበት፣ ከመሥመሩ አልፏል።

ብዙ መዋኘት ፈጣን ያደርጋልን?

የአሠልጣኞችን አስተያየት በቅንነት እንስማ። ብዙ ርቀት መዋኘት ልብንና ሳንባን ያጠነክራል ይላሉ። ዋናተኛ ውኃውን በእጁ ማወቅ ያለበት ስለሆነ ይህ ደግሞ ከውኃው ሳይወጡ በመዋል የሚገኝ ነው ይላሉ። የ1,500 ሜትር ተወዳዳሪ ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ስለሚዋኝ በጥቂት ልምምድ ለዚህ ሊበቃ አይችልም ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሐሰት የሚባል የለም። ጥያቄው ግን መጠኑ ላይ ነው። አብዛኞቹ ልጆች የሚወዳደሩት በ50፣ በ100 እና በ200 ሜትር ሲሆን ይህ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሐፍናዊ ወርቁን ያገኘበት ውድድር እንኳ የፈጀው 3 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነበር።

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ዴቪድ ኮስቲል ይህንኑ ጥያቄ ፈትነውታል። ራሳቸው ዋናን የሚወዱና ለዓመታት ዋናተኞችን ያጠኑ ሳይንቲስት ናቸው። በ1991 በታተመው ሥራቸው የኮሌጅ ዋናተኞችን በሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በቀን አንድ ጊዜ ሲለማመድ፣ ሌላው ለስድስት ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ እንዲለማመድ ተደረገ። ሁለት ጊዜ የሠሩት እጥፍ ደከሙ። በውድድር ጊዜ ግን አንድ ጊዜ ከሠሩት የተሻለ ፍጥነት አላመጡም። እንዲያውም በእነዚያ የድርብ ልምምድ ሳምንታት የአጭር ርቀት ፍጥነታቸው ቀነሰ። የተጠኑት ጎልማሳ ወንዶች እንጂ ልጆች አልነበሩም፤ ይህንን መናገር ተገቢ ነው። ነገር ግን ለበሰለ አካል ያልጠቀመው ድርብ ሸክም ገና እያደገ ላለ አካል ይጠቅማል የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ ያለበት እርሱ ነው።

እኛ መምህራን ይህንን ነገር ከሥራችን እናውቀዋለን። ሃምሳ ጥያቄ የቤት ሥራ የተሰጠው ተማሪ ሃያ ከተሰጠው ይበልጥ ተማረ ማለት አይደለም። ከሠላሳኛው በኋላ የሚሠራው እጁ እንጂ አእምሮው አይደለም። በደከመ ትከሻ የተዋኘ የመጨረሻው 1,500 ሜትርም እንደዚሁ ነው፤ ክርኑ ይወርዳል፤ እጁ የአካሉን መሐል ተሻግሮ ውኃ ይገባል፤ አካሉ በጎኑ መዞሩን ያቆማል። ስለዚህ ልጁ የሚለማመደው መጥፎውን አቀዛዘፍ ይሆናል። አቀዛዘፉ ልክ ስላልሆነ ነው ያመመው የሚሉን አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን አቀዛዘፉን ያበላሸው ምን እንደሆነ ቢጠይቁ መልሱን ራሳቸው በጻፉት የልምምድ መርሐ ግብር ላይ ያገኙታል።

ድንገተኛው ጭማሪ

ከጠቅላላው መጠን ሌላ የሚያሳስብ ነገር አለ። ጅማት ሸክም መልመድ ይችላል፤ የሚለምደው ግን ቀስ በቀስ ነው። ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት ይፈጅበታል። ቤልጂየማውያን ተመራማሪዎች ወጣት ተወዳዳሪ ዋናተኞችን ተከታትለው በ2021 ባሳተሙት ጥናት የትከሻ ሕመምን አስቀድመው ካመለከቱት ነገሮች አንዱ፣ ልጁ በቅርቡ የዋኘው መጠን ከለመደው ጋር ሲነጻጸር መብዛቱ ነበር። ዋናው «ስንት ዋኘ?» ብቻ ሳይሆን «ከለመደው ስንት በለጠ?» የሚለውም ነው።

እንግዲህ ይህ ጭማሪ መቼ እንደሚመጣ ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቀው ይችላል። አንደኛው ልጁ ከታናናሾቹ ምድብ ወደ ታላላቆቹ ሲሸጋገር ነው። ቤተሰብ በዕድገቱ ሲደሰት የሳምንቱ ርቀት በአንድ ጊዜ በግማሽ ወይም በእጥፍ ሊጨምር ይችላል። ይህ ሽግግር የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ12፣ በ13 እና በ14 ዓመት፣ ልጁ በቁመት በሚመዘዝበትና ጡንቻው ለረዘመው አጥንት ገና ባልበቃበት ወቅት ነው። ሁለተኛው ከረጅም ዕረፍት ሲመለስ ነው። በ2020 በኮሮና ምክንያት በብዙ አገሮች ገንዳዎች ተዘግተው ሲከፈቱ አሠልጣኞች ቀስ ብለው እንዲጀምሩ ምክር የተሰጠው ይህ ስለሚታወቅ ነበር።

ሦስተኛው የእኛን ቤት የሚመለከት ነው። በረመዷን የሚጾም ልጅ ልምምዱን ይቀንሳል፤ ይህም ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዒድ በኋላ ነው። በሳምንት 20 ኪሎ ሜትር ይዋኝ የነበረ ልጅ በረመዷን 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ዋኝቶ ከዒድ በኋላ ባለው ሰኞ «የቀረብህን አካክስ» ተብሎ 20 ውስጥ ቢገባ፣ ትከሻው ያየው ጭማሪ ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ልጁ ራሱም ከጓደኞቹ ወደኋላ እንዳይቀር ስለሚጓጓ አይከለክልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለወጣት ስፖርተኞች በ2007 ባወጣው ምክር የሳምንት ጭማሪው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ብሏል። ይህ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ ልኩን ለማሳየት ግን ያገለግላል። ከዒድ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለሰው በሦስትና በአራት ሳምንት እንዲሆን ከአሠልጣኙ ጋር ረመዷን ሳይገባ መነጋገር ያስፈልጋል። ልጁ በመሐል ተነሥቶ ቢጠይቅ ሰበብ ይመስልበታል፤ ወላጅ አስቀድሞ ሲጠይቅ ግን መርሐ ግብር ይሆናል።

ዝምታውና ክኒኑ

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ፣ በክለብ የሚወዳደሩ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ዋናተኞች ተጠይቀው በ2013 የወጣ ጥናት አለ። ከአሥሩ ሰባት የሚሆኑት ልምምዳቸውን ለመፈጸም ሲሉ የሕመም ማስታገሻ እንደሚወስዱ ተናግረዋል። በሳምንት አንድ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚወስዱም ብዙ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ናቸው። አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ማዘዣ በየሱቁ ስለሚገኝ ማንም የሚያያቸው የለም።

ክኒኑ ጅማቱን አያድነውም። የሚያደርገው ልጁ እንዲያቆም የሚነግረውን ድምፅ ዝም ማሰኘት ነው። ልጁም በታመመ ጅማት ላይ ሌላ 5,000 ሜትር ይጨምርበታል። በተደጋጋሚ ሲወሰድ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ልጃችሁ ወደ ገንዳ ከመሄዱ በፊት ክኒን የሚውጥ ከሆነ፣ ይህን ምልክት ከማናቸውም የሰዓት መለኪያ ይበልጥ አጥብቃችሁ ተመልከቱት።

ልጆች ለምን ዝም ይላሉ? በገንዳው ዙሪያ ትከሻ የማያመው ዋናተኛ ስለሌለ ሕመም የዋና አንድ ክፍል መስሎ ይታያቸዋል። ወላጅም ለክለቡ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ሌሊት ተነሥቶ መኪና የሚያሞቀው አባት፣ ይህ ሁሉ ልፋት በአንድ «አመመኝ» እንዲበላሽ አይፈልጉም። ልጅ የቤተሰቡን ልፋት ከምናስበው በላይ ይቆጥራል። በየምሽቱ «ዛሬ ስንት ሰዓት አመጣህ?» ብቻ የሚባል ልጅ ስለ ትከሻው የሚናገርበት በር የለውም።

ስለዚህ ማየት የወላጅ ፈንታ ነው። ልጅቷ ፀጉሯን ስታበጥር ክንዷን ወደ ላይ ማንሣት ትታ አንገቷን የምታጎነብስ ከሆነ፣ ልጁ ቦርሳውን ሁልጊዜ በአንዱ ትከሻ ብቻ መሸከም ከጀመረ፣ በለመደው ጎኑ መተኛቱን ከተወ፣ ሸሚዝ ሲለብስ እጁን ወደ ኋላ ማዞር ካስቸገረው፣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከልምምድ በኋላ በሁለቱም ትከሻና በጀርባ የሚሰማ፣ በማግሥቱ የሚለቅ ድካም የጡንቻ ድካም ስለሆነ አያስደነግጥም። በአንድ ቦታ በጣት ሊጠቆም የሚችል፣ ክንድ ሲነሣ የሚወጋ፣ በማግሥቱ ጠዋት ያልተወ ሕመም ግን የጅማት ሊሆን ይችላል። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ትከሻው ውልቅ ሊል የሚመስል ስሜት ካለ ወይም እጅ ላይ መደንዘዝ ከታየ፣ የሚቀጥለውን ውድድር ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ከመጠኑ ውጪ ያሉትን አባባሽ ነገሮች በአጭሩ እንጥቀስ። ፓድል የሚባለው፣ መዳፍ ላይ የሚታሰረው ፕላስቲክ እጅ የሚገፋውን ውኃ ስለሚያበዛ የትከሻን ሸክም ይጨምራል፤ ያመመው ልጅ ሊጠቀምበት አይገባም። ለእግር ልምምድ የሚያዘው ተንሳፋፊ ሰሌዳ ምንም የማይጎዳ ቢመስልም ክንድን ወደ ላይ ዘርግቶ ስለሚያቆይ የታመመን ትከሻ ያባብሳል። ጓደኛ ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ክንዶች እየጎተተ የሚያሳስብበት ልማድም በራሱ ልል የሆነውን የዋናተኛ ትከሻ ከፊት በኩል ይበልጥ ያላላዋል። በሌላ በኩል በአሜሪካ ከ8 ዓመት ሕፃናት እስከ አረጋውያን በ236 ሴት ዋናተኞች ላይ ተሠርቶ በ2012 የወጣ ጥናት፣ ሕመም ያለባቸው ከሌለባቸው ይልቅ ሌላ ስፖርት የመሥራት ልማዳቸው አነስተኛ እንደነበር አሳይቷል። ለልጁ ከዋና ሌላ ኳስም ሆነ ሩጫ መተው ኪሳራ አይደለም።

ከአሠልጣኙ ጋር መነጋገር

ብዙ ወላጆች አሠልጣኝን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። እኛ በመምህርነታችን ስለ ልጁ የቤት ሥራ ብዛት የሚጠይቅ ወላጅ ሲመጣ ቅር አንሰኝም፤ ጥሩ አሠልጣኝም አይሰኝም። የሚጠየቀው ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። በሳምንት ስንት ሜትር ነው? ባለፈው ወር ስንት ነበር? በሚቀጥለው ወርስ? የዕረፍቱ ቀን የትኛው ነው? የሕፃናት ሐኪሞቹ አካዳሚ በሳምንት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በዓመት ደግሞ በአንድ ጊዜም ሆነ ተከፋፍሎ እስከ ሦስት ወር ከዚያ ስፖርት ዕረፍት እንዲኖር ይመክራል። ቺካጎ አካባቢ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 18 በሆነ ከ1,100 በላይ ወጣት ስፖርተኞች ላይ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ለወላጅ የሚመች መለኪያ ሰጥቷል፤ በሳምንት የሚለማመዱበት ሰዓት ከዕድሜያቸው ቁጥር የበለጠባቸው ልጆች ከልምምድ ብዛት የሚመጣ ከባድ ጉዳት ይበልጥ አግኝቷቸዋል። ጥናቱ ዋናን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ሆኖም የ12 ዓመት ልጁ በሳምንት 16 ሰዓት ገንዳ ውስጥ የሚውልበት አባት ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነው።

ያመመው ልጅ ከውኃ ጨርሶ መውጣት አለበት ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው የሚያዘው ሸክሙን መቀነስ ነው። ልጁ ክንዶቹን በጎኑ አድርጎ ወይም በጀርባው ተንጋሎ የእግር ልምምዱን ይቀጥላል፤ በየቀኑ በላስቲክ ገመድ ትናንሾቹን የትከሻ ጡንቻዎችና የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት የሚይዙትን ያጠነክራል። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ልጆችም በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። እዚህ ላይ እናት ወይም አባት አጠገቡ ቆሞ ቢቆጥርለት ከብዙ ምክር ይሻላል። ቀዶ ጥገና የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አማራጭ አይደለም፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ቀድሞ ደረጃው የሚመለሰውም ሁሉም ዋናተኛ አይደለም።

ክንድ ሲነሣ ሕመሙ ሲጠፋና ኃይሉ ሲመለስ ልጁ በክንዱ መዋኘት ይጀምራል፤ ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን 800 ሜትር በዝግታ፣ በማግሥቱ ዕረፍት፣ በማግሥቱ ጠዋት ምንም ካልተሰማው በሦስተኛው ቀን እንደገና 800። ሕመም ከተመለሰ ጭማሪው ይቆማል እንጂ በክኒን አይታለፍም። በዚህ ጊዜ ሁሉ አንድ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። በአንዱ ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው የተዋኘው ሜትር፣ በሦስተኛው ትከሻው በማግሥቱ ጠዋት እንዴት እንደነበረ በልጁ በራሱ እጅ ይጻፋል።